«ከእንግዲህ አታጫውቱኝ» ማለት የሚቻልበት አገር

ለንደን ውስጥ ቤቲንግ ቤት ብርቅ አይደለም። በተለይ ኑሮ በከበደበት ሰፈር ከፀጉር ቤቱና ከዶሮ ጥብስ ቤቱ ጎን አንድ ሁለቱ አይጠፉም። የእኛም ሰው ይገባል። ስልኩ ላይ የሚቆርጠው ደግሞ ይብሳል። አገር ቤት ያለው ወጣትም አብዛኛውን ጊዜ ትኬት የሚቆርጠው በዚሁ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ጨዋታው ያው፣ ቡድኖቹ ያው፣ «አንድ ጨዋታ በላኝ» የሚለው ለቅሶም ያው። የሚለየው ሰውየው «በቃኝ» ያለ ቀን የሚሆነው ነገር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

እንግሊዞች ገና ከጥንቱ ነገሩን በደንብ ይዘውታል ማለቴ አይደለም። ቤቲንግ ቤት እዚህ በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የፈረስ ውርርዱ በየመንገዱና በየመጠጥ ቤቱ ተደብቆ ይሠራ ነበር። ሲፈቅዱት ግን ቤቶቹ ሰው እንዳይስቡ ሆን ብለው አደረጉ። ከውጭ ወደ ውስጥ አይታይም። ቴሌቪዥን የለም፣ ሻይ ቡናም የለም። መወራረድ የፈለገ ይግባ፣ ያልፈለገውን ግን ማንም አይጥራው የሚል ሐሳብ ነበር። በ1986 ቴሌቪዥኑም ሻዩም ተፈቀደ። በ2005 ወጥቶ በ2007 ሥራ ላይ የዋለው የቁማር ሕግ ደግሞ የቴሌቪዥን ማስታወቂያውን ለቀቀው። ያ ሕግ ሲረቀቅ ስማርት ስልክ በሰው ኪስ ውስጥ አልነበረም።

መዘዙ ብዙ ነበር። በየቤቲንግ ቤቱ እስከ አራት የቁማር ማሽን ይቆማል። በእነዚህ ማሽኖች በየ20 ሴኮንዱ እስከ 100 ፓውንድ ማስያዝ ይቻል ነበር። እስቲ አስሉት፤ በደቂቃ 300 ፓውንድ ነው። የሳምንት ደመወዙን ይዞ የገባ የጽዳት ሠራተኛ የያዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ባዶ ኪሱን ይወጣል። ሰው ለዓመታት ጮኸ። በ2018 መንግሥት 100ውን ወደ 2 ፓውንድ አወርዳለሁ አለ፤ ግን ቀኑን ገፋው። ያን ጊዜ የስፖርት ሚኒስትሯ ትሬሲ ክራውች «ይህ መዘግየት የሰው ሕይወት ያስከፍላል» ብላ ሥልጣኗን ለቀቀች። የራሷ ፓርቲ መንግሥት ነው እኮ! ከዚያ በኋላ መንግሥት ቀኑን ወደፊት አመጣው፤ ኤፕሪል 2019 ላይ 2 ፓውንድ ሆነ።

ሌላውም ተከተለ። በ2020 በክሬዲት ካርድ መወራረድ ተከለከለ፤ በብድር ብር ቁማር የለም ማለት ነው። በ2025 ደግሞ በኢንተርኔት የቁማር ማሽኖች ላይ ጣሪያ መጣ። ለአንድ ዙር 5 ፓውንድ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት 2 ፓውንድ። በዚያው ዓመት ከአወራራጅ ድርጅቶቹ በግዴታ የሚሰበሰብ መዋጮ ተጀመረ፤ ግማሹ ለሕክምና ይሄዳል። የመንግሥት ሕክምና ነው፤ ብር አይጠየቅበትም። ለቁማር ሱስ የመጀመሪያው የመንግሥት ክሊኒክ ለንደን ውስጥ በ2008 ተከፍቶ ነበር፤ ዛሬ በየክልሉ አለ።

ተቆጣጣሪውም ጥርስ አለው። የቁማር ኮሚሽኑ በ2023 ዊልያም ሂል የሚባለውን ትልቅ ድርጅት 19.2 ሚሊዮን ፓውንድ አስከፈለው። ከጥፋቶቹ አንዱ አዲስ አካውንት የከፈተ አንድ ደንበኛ በ20 ደቂቃ ውስጥ 23,000 ፓውንድ ሲያጠፋ ዝም ብሎ ማየቱ ነው። «ምነው ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» ያለው የለም። እኔ ይህን ውሳኔ የምወድበት ምክንያት አለኝ። ጥፋቱን ሁሉ ሰውየው ላይ አልጫነም። ሲጠፋ እያየ ብሩን የተቀበለውን ጠየቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋምስቶፕ የሚባል፣ ሰው ራሱን ከኢንተርኔት ቁማር የሚያግድበት የነጻ መዝገብ አለ። ከ2020 ጀምሮ የአገሩ ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት አወራራጅ ሁሉ በግዴታ ገብቶበታል። አንድ የማውቀው ሀበሻ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የእቁብ ብሩን ሳይቀር በስልኩ ከጨረሰ በኋላ ቅጹን እንድሞላለት ጠራኝ። እንግሊዝኛው ያን ያህል አይደለም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ ስልክ ሞላን። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ይመጣል፦ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይስ አምስት ዓመት? እሱ ስድስት ወር ላይ ጣቱን አደረገ። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ በሞቴ አምስቱን በልልኝ» አለች። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ «አምስቱን አድርገው» አለኝ።

ካደረጉት በኋላ መመለስ የለም። ሰውየው በማግሥቱ ቢጸጸት፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ጊዜው እስኪያልቅ አይነሳለትም። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ሱሰኛ ሰው ጠዋት የወሰነውን ማታ ይሽረዋል፤ መዝገቡ የጠዋቱን ሰው ከማታው ሰው ይጠብቀዋል። ለቤቲንግ ቤቶቹ ደግሞ ሌላ መዝገብ አለ። ፎቶህን ትሰጣለህ፣ በሰፈርህ ያሉት ቤቶች እንዳያጫውቱህ ይነገራቸዋል። ብዙዎቹ ባንኮችም ወደ ቁማር የሚሄድ ክፍያን የሚዘጋ ቁልፍ መተግበሪያቸው ላይ አላቸው። የምትጨነቁበት ሰው እዚህ ካላችሁ 0808 8020 133 ደውሉ፤ ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይነሳል።

ቀዳዳም አለው። ፈቃድ የሌላቸው የውጭ አገር ድረ ገጾች መዝገቡን አያውቁትም። ማስታወቂያው አሁንም ሞልቷል። በቁማር ምክንያት ራሱን ስላጠፋ የ24 ዓመት ወጣት በ2022 ሼፊልድ ውስጥ የተደረገው የፍርድ ቤት ምርመራ፣ ቁጥጥሩም ማስጠንቀቂያውም ሕክምናውም ወጣቱ በሕይወት ሳለ በቂ እንዳልነበር ገልጿል። ወላጆቹ ግን ሐዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም። እንደነሱ ልጅ ያጡ ሌሎች ቤተሰቦችን ሰብስበው ዛሬም ፓርላማውን ይወተውታሉ። ብዙው ለውጥ የመጣው በእንዲህ ዓይነት እናትና አባት ግፊት ነው።

እኛ ጋስ? ፈቃድ ይሰጣል፣ ግብር ይሰበሰባል፣ በሩ ላይ «ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው» ተብሎ ይጻፋል። ምሬት ሲበዛ ደግሞ ፖሊስ መጥቶ ያሽጋል። እኔ ማሸጉን አልቃወምም። ግን ቤቱ ሲታሸግ ጨዋታው ስልክ ውስጥ ይቀጥላል፤ ብሩም በቴሌብር ይገባል። ልጁ ሲከስር ቤተሰብ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ጸበል ይወስዳል። ይህ ሁሉ ደግ ነገር ነው። ልጁ ከጸበል ሲመለስ ግን ስልኩ ላይ «ናፍቀኸናል፣ የነጻ ውርርድ ልከንልሃል» የሚል መልእክት ይጠብቀዋል። ያን መልእክት የላከውን ማን ይጠይቀዋል? ልጁስ «ከእንግዲህ አታጫውቱኝ» ብሎ ለማን ያመልክት?

ይህን ለመሥራት ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም። እንዲያውም እኛ ዘንድ ይቀላል ባይ ነኝ። ጋምስቶፕ ሰውን የሚለየው በስም፣ በትውልድ ቀን፣ በአድራሻ፣ በኢሜይልና በስልክ ነው፤ መረጃውን ቀይሮ የሚሞላ አንዳንዴ ያመልጠዋል። እኛ ፋይዳ አለን። አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር። ፈቃድ ሰጪው አካል «ያለ ፋይዳ አካውንት አይከፈትም፤ ራሱን ያገደ ሰው ቁጥር በሁሉም አወራራጅ ዘንድ ይዘጋል» ብሎ አንድ አንቀጽ ቢጨምር፣ ያንን ያልፈጸመ ድርጅት ፈቃዱን እንደሚያጣ ቢያውቅ፣ ቴሌብርና ባንኮቹም የቁማር ክፍያ መዝጊያ ቁልፍ ቢያወጡ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚመዘገቡት ደግሞ ዛሬ ሌሊት ስልካቸውን ወርውረው ጠዋት መልሰው የሚያነሱት ልጆች ናቸው።