ውዳሴ ለችኩል እንግዳ

ጎንደርን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ ደግሞም «ዘና ብለው» ሊጎበኙ ለሚመጡ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ ተገቢው ምስጋና አልቀረበላቸውም። እኛ የከተማይቱ ነዋሪዎች እንግዳ ተቀባይ ስንባል ደስ ብሎን ዝም እንላለን እንጂ፣ እንግዳው ራሱ ለማረፍ ሲል የሚከፍለውን መሥዋዕትነት መዝግቦ ለትውልድ የማስተላለፍ ልማድ የለንም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ስል፣ ባለፈው ጊዜ በቤቴ ያረፉትን የአጎቴን ልጅና ስምንት ባልንጀሮቹን ምሳሌ አድርጌ፣ ዘና የማለትን ጥበብ ከእነርሱ እንደ ተማርሁት ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ሥራ አድክሞናል፤ ቅዳሜና እሑድን እርስዎ ዘንድ መጥተን አረፍ ብንል ብለን ነበር፤ የአገሩ ሰው ነዎትና እስቲ አንድ ዕቅድ ያውጡልን» አለኝ። እኔም የዋህ ሰው ነኝና የተባልሁትን ቃል በቃል ወስጄ ሦስት መስመር ጽፌ ላክሁለት፦ ቅዳሜ ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ ጃን ተከል ዋርካ አካባቢ ቁጭ ብሎ ቡና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የቀረውን ጊዜ እግር ወደ መራ። መልሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው።»

በማግሥቱ የእነርሱ ዕቅድ በቴሌግራም ደረሰኝ። ያዘጋጀው ከመካከላቸው በሒሳብ ሥራ የሚተዳደረው ወጣት ሲሆን፣ በ2 ቀን 17 ቦታ በሰንጠረዥ ተደልድሎ፣ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ደቂቃ፣ እያንዳንዱም ደቂቃ የራሱ ኀላፊ ነበረው። ለፋሲል ግቢ 25 ደቂቃ፣ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ 10 ደቂቃ ተመድቦ በቅንፍ ውስጥ «ጣሪያው ብቻ» የሚል ማብራሪያ ተጨምሯል፤ ጎርጎራ ለምሳ፣ ወደ ስሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ደግሞ ለመክሰስ ተይዘዋል። ጎርጎራ በደቡብ በጣና ዳር፣ ደባርቅ በሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መገኘቷ ሰንጠረዡን አላናወጠውም፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን በአንድ ሣንቲሜትር ልዩነት ተቀምጠው ነበርና። ከታች በደማቅ ፊደል የተጻፈውን ማሳሰቢያ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም፦ «ጉዞው የዕረፍት ስለ ሆነ ማንም ሰው እንዳያረፍድ።»

የእነዚህን ልጆች ትጋት በሚገባ ለማድነቅ ከእነርሱ በፊት የመጣውን ሰነፍ ጎብኚ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ቁስቋም ተጠግቶ፣ በከተማይቱና በአካባቢዋ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲጠይቅ፣ ሲጽፍ፣ ሲታመም፣ ሲከራከር ከረመ። ይህ ሁሉ የሆነው እንግዲህ ሰንጠረዥ የሚሠራለት ባልንጀራ በማጣቱ ብቻ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ወጣታችን በዘመኑ ቢኖር ኖሮ፣ ብሩስን ቅዳሜ አስገብቶ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሸኘው፣ ጽሑፉም በብዙ ጥራዝ ፈንታ በአንድ ፎቶግራፍና በሁለት የእሳት ምልክት ባለቀ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፋሲል ግቢ ደረስን። በሩ ላይ በዕድሜ የገፉ አንድ አስጎብኚ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «ልጆቼ፣ አንድ ሰዓት ስጡኝ፤ ድንጋዩ የሚለውን ላሰማችሁ» አሉ። የሒሳብ ሠራተኛው በትሕትና እጅ ነሥቶ፣ «አባባ፣ እናመሰግናለን፤ ሁሉም ነገር ስልካችን ላይ አለ፤ ማታ እናነበዋለን» ሲል መለሰላቸው። ቁጠባ ማለት ይህ ነው። የማታው ንባብ ምን እንደ ደረሰ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የግቢው አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት፤ እያንዳንዱም በር የገባበትንና የወጣበትን ሰው ዓይነት በስሙ ይናገራል። ወንበር በር አለ፣ ፈራጆች የሚገቡበት፤ ተዝካሮ በር አለ፣ እምቢልታ በር አለ፣ እርግብ በር አለ። ስሙን እየጠየቁ አንድ ዙር ቢሄዱ የጎንደር ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ዙፋን እስከ እምቢልታ ነፊው ድረስ እንዴት ይኖር እንደ ነበር ያለ መጽሐፍ ይገለጥላቸው ነበር። እንግዶቻችን ግን ቲኬት በሚቆረጥበት በር ገብተው በዚያው በመውጣት የቀሩትን አሳርፈዋቸዋል። ዕረፍት እንዲህ ለድንጋይ ጭምር ሲተርፍ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የማጠቃለል ችሎታቸው ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ቆርቁረው የመጀመሪያውን ግንብ ካሠሩ በኋላ፣ ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍታቸውን፣ የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት፣ ከዚያም ዳዊት አዳራሻቸውን፣ በካፋም የግብር ቤታቸውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የመጨረሻውን ውብ ግንብ እያከሉ መቶ ዓመት ያህል ፈጅተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ የማን ነው፣ ያኛውስ ለምን ከዚህኛው ተለየ እያለ ይደክማል። የእኛዎቹ ግን ሁሉንም «የፋሲል ግንብ» ብለው በአንድ ስም ጠቅልለው፣ የቀሩትን ነገሥታት ከነ ሚስቶቻቸው በአንድ ትንፋሽ አሰናበቷቸው። አንዲት ልጅ ወደ በካፋ ግንብ አቅጣጫ ሁለት እርምጃ ስትራመድ ጓደኛዋ፣ «ተይው፣ ያንኛውን ይመስላል» ብላ መለሰቻት።

የኢያሱ ቤት ግን ልዩ ክብር አግኝቷል። በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስታወት አጊጦ ነበር የሚባልለት ይህ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ፣ በጣሊያን ወረራ ማብቂያ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን የጣለው ቦምብ ተርፎት፣ ዛሬ ጣሪያ የለውም። እንግዶቻችን ይህን ሲያዩ እጅግ ተደሰቱ፤ ብርሃኑ ከላይ በቀጥታ ስለሚወርድ ለፎቶግራፍ የሚመች ነው ተባለ። መሬቱም ተንቀጥቅጦ፣ እንግሊዞችም ከሰማይ ቦምብ ጥለው የደከሙት ለካስ ለዚህ ኖሯል። ከ25ቱ ደቂቃ 19ኙ እዚያው አለቀ፤ ዘጠኝ ሰው በየተራ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲያስብ መነሣት ነበረበትና፤ ያሰቡት ምን እንደ ነበር ግን አልጠየቅሁም።

ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ የዕቅዱ ጥልቀት ይበልጥ ታየኝ፤ ጫማ ማውለቅ ደቂቃ እንዳይበላ ሁሉም ማሰሪያ የሌለው ጫማ ተጫምተው መጥተዋል። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥል የተረፈችው የንብ መንጋ ከቅጥሯ ወጥቶ ወራሪውን ስላባረረው ነው ሲሉ አባቶች ይተርካሉ። የእኛ እንግዶች በሰባት ደቂቃ ወጡ፤ ንቡም አልተቸገረ። በጣሪያው ላይ ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች ተደርድረው፣ ዓይናቸውን እንደ ጎንደር ሠዓሊዎች ወግ በሰፊው ገልጠው ቁልቁል ይመለከታሉ፤ ትንሽ ቆሞ ላስተዋለ አንዱ የገረመው፣ አንዱ ያዘነ፣ አንዱ ነገር የሸተተው ይመስላል። ከእነዚያ ሁሉ ዓይኖች ከአንዱም ጋር ሳይገጣጠሙ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ዘጠኙ ሰዎች ግን ስልካቸውን በፊታቸውና በጣሪያው መካከል በማድረግ ይህን ተወጥተውታል። መላእክቱ በበኩላቸው የዘጠኝ ስልክ ጀርባ አይተዋል፤ የነገር ሽታ የነበረበት መልአክ መልኩ አልተለወጠም።

ቁስቋምን ከመኪና መስኮት አየነው። ኮረብታ ላይ ስለ ሆነ ይታያል፤ የሚታይን ነገር ደግሞ ሄዶ ማየት ድግግሞሽ ነው። የምንትዋብ፣ የልጇና የልጅ ልጇ አፅም እዚያ በመስታወት ሥር እንዳለ ብነግራቸው፣ «እሱ ለሌላ ጊዜ» ተባልሁ። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ግን ወረዱ፤ ወርደውም ተቆጡ፤ ውኃ የለም! ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተመልሶለት የሚሞላው ለጥምቀት እንደ ሆነ፣ ታቦታቱም ጥር 10 ቀን ለከተራ ወርደው እዚያ እንደሚያድሩ ባስረዳ፣ ጥር ላይ ተጨናንቆ ስለሚውል ጸጥ ባለ ጊዜ ለመምጣት ሆን ብለው መምረጣቸውን ነገሩኝ። ጸጥታውን አገኙት፤ ውኃውንም ጨምረው ፈልገው ነበር። የዛፉ ሥር የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት አቅፎ የያዘበትን ቦታ አንዱ አይቶ፣ «ይሄንን ለምን አይቆርጡትም?» ሲል ጠየቀ።

ታዲያ ዕቅዱ ልብ የለሽ ነበር እንዳይባል፣ አንድ ቦታ ላይ ሰንጠረዡ ራሱ በገዛ ፈቃዱ ተንበርክኳል። ሥጋ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። እዚያ ማንም ሰዓቱን አላየም፤ ማንም «ያንኛውን ይመስላል» አላለም። ይልቁንም ሻኛውን ከጎድኑ፣ ጎድኑን ከታናሽ እየለዩ፣ በሬው የየት አገር እንደ ሆነ፣ ምን እንደ በላና በስንት ዓመቱ እንደ ታረደ ቆራጩን በጥያቄ አጣደፉት፤ እሱም አንድ በአንድ አስረዳ፤ ጉርሻም ተሰጠው። የአስጎብኚው ሽማግሌ ክፍያ ከዚያ ጉርሻ ብዙም የሚርቅ አልነበረም። የአፄ ፋሲል የዘር ሐረግ ከበሬው ያነሰ የተጠየቀው ንጉሡ ስለማይበሉ ይሆናል።

እዚህ ላይ የራሴንም ድርሻ መደበቅ አይገባኝም። በየቀኑ በፒያሳ ሳልፍ ግንቡን በአጥሩ አናት ላይ አየዋለሁ፤ አጥሩንም የምዞረው በባጃጅ ነው፤ ወደ ውስጥ የምገባው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሲሆን፣ የእምቢልታ በርን ስም ያወቅሁትም አንድ ቀን አስጎብኚው ለፈረንጆች ሲናገሩ ቆሜ በነጻ ሰምቼ ነው። እንግዶቼን የማመሰግነው እንግዲህ እንደ ሙያ ባልደረባ ነው።

እሑድ ወደ ሰሜን ተጓዝን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ቀኑ እያጠረ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ሻይ ጠጥተን፣ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የጭላዳ ዝንጀሮ ሥዕል ፎቶግራፍ አንሥተን ተመለስን፤ ስሜን ተራሮች በሰንጠረዡ ላይ ምልክት ተደረገባቸው። ጎርጎራም አልቀረችም፤ ማታ ከተማ ውስጥ የተበላው ዓሣ የጣና በመሆኑ እንደ ተጎበኘች ተቆጥራለች። ከ17ቱ ቦታዎች 17ቱም ተሳኩ። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ዘጠኙም ሰዎች በድምሩ ስንት ሰዓት እንደ ተኙ ማስላት ለባለ ሙያው እተዋለሁ፤ እሱ ግን በዚያ ሰዓት አፉን ከፍቶ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ የማታው ንባብም በሁለቱም ማታ የደረሰበት ይኸው ነው።

በመጨረሻው ሌሊት አዝማሪ ቤት ወሰድኋቸው፤ በዕቅዱ «ባህል፣ 40 ደቂቃ» ተብሎ ተይዟል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በመካከላቸው ዞረ፤ ከየት እንደ መጡ፣ ምን ምን እንዳዩ፣ መቼ እንደሚሄዱ ጠየቀ። እነርሱም ስልካቸውን ከፍተው የተነሡትን በሙሉ አሳዩት፤ «ግንብ አየን፣ ሁሉንም ጨረስን፣ ጠዋት እንበራለን» አሉት። አዝማሪው ጥቂት አሰበና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወረወረው፦

«ጨዋታው ሳይደራ ሰዓቱ ለየን፣
ስትሄዱ ሰማሁ ስትሉ ግንባየን።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ግንብ ማየታቸው በግጥም ስለ ተመሰከረላቸው እንግዶቼ ተነሥተው ብር በግንባሩ ለጠፉለት፤ በጥግ በኩል የተቀመጡ የአገር ሰዎች ግን ብርሌያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። የአጎቴ ልጅ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ ሰሙ? አወደሰን እኮ!» አለኝ፤ እኔም ሰምቻለሁ አልሁት። የሒሳብ ሠራተኛው በዚህ መካከል ነቅቶ ቪዲዮው እንዳልተቀረጸ አወቀና አዝማሪውን እንዲደግምለት ለመነው። አዝማሪው ደገመለት፤ በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብሎ፣ «ግን» ላይ ሲደርስም ማሲንቆውን አቁሞ ዘጠኙንም በዓይኑ አንድ በአንድ ካዳረሰ በኋላ ነው የቀረውን ያለው። ቪዲዮው ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ለእኔም ልከውልኛል።