ተራ ቁጥር

ቮልሴን ልሸጥ ወስኜ ለአንድ ደላላ ደወልኩ።

«ወንድሜ! ምን ልታዘዝ?» አለኝ ሞቅ ባለ ድምፅ። ነገርኩት፤ ሞተሯ ከታደሰ ዓመት እንዳልሞላው፣ ቦሎዋ እንደተለጠፈ፣ ሊብሬዋ ንጹሕ እንደሆነ። ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» እያለ ካዳመጠ በኋላ ዋናውን ጥያቄ አመጣው።

«ታርጋዋ ስንት ነው?»

እዚህ ላይ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁ። «ኮድ 2። በሁለት ዜሮ ይጀምራል። ከዜሮዎቹ ቀጥሎ ያለው ሦስት አሃዝ ብቻ ነው» አልኩት፣ «ብቻ» የምትለዋን ረገጥ አድርጌ።

ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ ጋሼ» አለ፣ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው በሚያወጣው ድምፅ። ከ«ወንድሜ» ወደ «ጋሼ» የተሻገርኩት በዚያች ቅጽበት ነው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አሁን ገዢ የሚፈልገው ቢ ነው። አቅም ያነሰው ኤ። ፊደል የሌለው ታርጋ ሲመጣልኝ እኔ ማስታወቂያው ላይ አልጽፈውም። ፎቶ ሳነሳም ልጁ ፊት ለፊቱ እንዲቆም አደርጋለሁ።»

የአዲስ አበባን የመኪና ገበያ ለማያውቅ ነገሩ እንዲህ ነው። የኮድ 2 ታርጋ አምስት አሃዝ ነበር። አምስቱ አሃዝ ሞልቶ ሲያልቅ ከፊቱ የላቲን ፊደል ተጨመረበት፤ መጀመሪያ ኤ፣ ከዚያ ቢ፣ እያለ ሄደ። ስለዚህ ደላላ ታርጋ ሲያይ የልደት የምስክር ወረቀት ማንበቡ ነው። ቢ ከሆነች የወንበሯ ላስቲክ ገና አልተላጠም። ኤ ከሆነች ወልዳ ከብዳለች፣ ግን ደህና ናት። ፊደል ከሌላት ጡረታዋን አስከብራ ቤቷ የምትቀመጥ ናት። እኔ «ፊደል የቆጠረ» ሲባል ስለ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መኪናም ፊደል ካልቆጠረች ገበያ ላይ መሃይም ናት።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስልኬን ስነካካ ከአንድ ዜና ጋር ተገናኘሁ። ዱባይ ላይ በ2015 ዓ.ም. «ፒ 7» የሚል ታርጋ በጨረታ 55 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጧል። ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው፤ ጊነስም መዝግቦታል። ከእሱ በፊት ክብሩን ይዞ የቆየው የአቡ ዳቢ 1 ቁጥር ነበር። እኛ በ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም እያልን ስንጨፍር አንዱ እዚያ 52.2 ሚሊዮን ድርሃም ከፍሎ 1 ቁጥርን ቤቱ አስገባ።

መኪናው አብሮ አይሰጥም፤ ይህን ደግሜ ነው ያነበብኩት። የተሸጠው ቆርቆሮው ነው። በዚያ ገንዘብ እኛ ሰፈር ቆርቆሮ ቢገዛበት ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣሪያው ሥር ባልዲ የሚደረድር ሰው አይኖርም ነበር። የ«ፒ 7» ገንዘብ ለተራቡ ምግብ እንዲውል ለበጎ አድራጎት መሰጠቱን ሳነብ ግን አፌን ያዝኩ። የእኔ ታርጋ እንኳን የተራበ ሊያበላ፣ ባለቤቱንም ቁርስ አላበላም።

ነገሩን ለማጣራት በማግስቱ ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ጎረቤቴን ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። «ማዳሜ እኮ እንግዳ ሲመጣ በመጋረጃው ሥር አጮልቃ ታርጋውን ነበር የምታየው» አለችኝ። «አምስት አሃዝ ከሆነ ሻይ። አራት ከሆነ ቡናና ተምር። ሦስት ከሆነ ‹ልብስሽን ቀይሪ› ትለኛለች።»

«ሁለት አሃዝስ?»

«ሁለት አሃዝ የመጣ ቀን ራሷ ናት የቀየረችው።»

እኔ ቤት ሦስት አሃዝ በር ላይ ቆሞ ያድራል፣ ሻይ ያቀረበለት የለም። እንዲያውም አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ ጥበቃው ጥቁሩን ኮድ 4 ከሩቅ አይቶ በሩን ብርግድ ያደርግለታል፣ እኔን ግን «ኮፈን ክፈት» ይለኛል። ስከፍትለት ሞተር ያጣል። «ሞተሩ የታለ?» ብሎ ሌላ ጥበቃ ይጠራል። የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን የማያውቅ ትውልድ መሣሪያ ይዞ በር ላይ መቆሙ የራሱ ወግ የሚወጣው ጉዳይ ነው፤ ለዛሬ ይለፈን።

አሜሪካኖቹም ከዚህ ዕብደት አላመለጡም። ዴላዌር በምትባል ትንሽ ግዛት 1፣ 2 እና 3 ቁጥር ለአገረ ገዢው፣ ለምክትሉና ለግዛቲቱ ጸሐፊ የተያዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕዝቡ ይሻማበታል። ያ አቡ ዳቢ ላይ 1 ቁጥር የተሸጠ ጊዜ፣ እዚህም 6 ቁጥር 675,000 ዶላር አወጣ። ትንንሾቹ ቁጥሮች ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳሉ። እኛ ወንድማማቾች የምንካሰሰው በቤትና በመሬት ስለሆነ ኋላ ቀሮች ነን።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ዋሽንግተን ነው። እዚያ ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ አለኝ። በዲሲ ከ1 እስከ 1250 ያሉት ቁጥሮች ዝም ብሎ ለመጣ ሰው አይሰጡም፤ ከንቲባውና የምክር ቤቱ ሰዎች ናቸው ለማን እንደሚደርሱ የሚያውቁት። ገንዘብ ይዘህ ብትሄድ ዋጋ የለውም፣ የሚያውቅህ ሰው ያስፈልጋል። «ታዲያ ቁጥሩ ምን ያደርግለታል?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። «ሕጉ ያው ነው፣ ቅጣቱም ያው ነው። ግን ትንሽ ቁጥር ከፊቴ ሲቆም እኔ ጥሩምባ አልነፋም። ማን እንደሆነ ምን አውቄ?»

የዲሲ ታርጋ ላይ ደግሞ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ሮሮ ተጽፏል፤ የከተማዋ ሰው ግብር እየከፈለ ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥለት እንደራሴ የለውም የሚል። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ቆርቆሮ ላይ፣ ከታች «የሚናገርልን አጣን» የሚል ጽሑፍ፣ ከላይ «እኔ ግን ዘመድ አለኝ» የሚል ቁጥር። ይህን ሳስብ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ለምን አገራቸውን እንደማይናፍቁ ገባኝ።

እኛም በቁጥር አንኮራም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስልኩ በ0911 የሚጀምር ሰው ቁጥሩን ሲነግራችሁ አስተውላችሁታል? «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» ይልና ትንፋሽ ይወስዳል። እናንተ «እህ፣ የድሮ ነህ ማለት ነው» እስክትሉ ነው የሚጠብቀው። ካላላችሁ ይደግምላችኋል። በ07 ሲደወልለት ደግሞ «የማን ልጅ ነህ?» ማለት እየቃጣው ያነሳል። ስልክ ሲሆን ቀድሞ መምጣት ክብር፣ መኪና ሲሆን ውርደት የሚሆንበትን ምክንያት ደላላዬን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ስልክ እኮ አይዝግም» አለኝ። ሰውየው ሲናደዱበት እንኳ ልክ ነው።

ታርጋዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተከበረልኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የግል መኪኖች በሙሉና በጎዶሎ ቁጥር ቀን ተከፈለላቸው። ያኔ ፊደልም ዜሮም ዋጋ አጣ፤ የሚታየው የመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ሆነች። የእኔዋ ሙሉ ናት። ፎቅ ቤቱን ሠርቶ ሰፈራችን የገባው አዲሱ ጎረቤታችን ሁለት መኪና አለው፣ ሁለቱም ጎዶሎ። በሙሉው ቀን መነጽሩን አድርጎ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር ወትፎ በእኔ ቮልስ ይሄድ ነበር። አንድም ቀን ታርጋዋ ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ይኸው ጎረቤታችን ዘንድሮ እድር ገባ። መዝገቡ ላይ የደረሰው ቁጥር 312 ነው። ፊቱ ጠቆረ። እንደ እሱ ያለ ሰው፣ ድንኳን መግዣ ብሎ ከሁሉ አብልጦ የሰጠ ሰው፣ ከጠጅ ቤት አስተናጋጁ ቀጥሎ 312ኛ! መዝገቡን ሲያገላብጥ ከላይ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ላይ ስም ተሰርዞ ባዶ መሆናቸውን አየ። ዓይኑ በራ።

«እነዚህ ክፍት ናቸው እንዴ?» አለ። «አንዱን ብትሰጡኝ የሚከፈለውን እከፍላለሁ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጸሐፊው ወደ መሬት አየ። «ልጄ፣ እነዚህን እኮ ቀብረናቸው ነው» አሉት ዳኛው።

ሰውየው ነጋዴ ነውና በዚህ አልተመለሰም። «እሺ፣ በሕይወት ካሉት ትንሹ ቁጥር የማን ነው?»

5 ቁጥር ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። እድሩን ካቋቋሙት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ቁጥሬን ፈልገህ ነው?»

«አዎ አባቴ። የሚሉትን እከፍላለሁ።»

«ገንዘብ አልፈልግም» አሉ። «ከነተራዬ ከወሰድክልኝ በነጻ ውሰደው።»

ጎረቤታችን እስከ ዛሬ 312 ነው። ቮልሷም አልተሸጠችም።