ማስተካከያ፦ ማር እና የሕፃናት የላመ ምግብ

ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ ስለሚዘጋጅ የሕፃናት የላመ ምግብ ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። ያነበባችሁትን ወላጆች ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ከባድ ነው። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ "የተቀቀለው ዱባ ላይ ጠብ የምትል ማር ጨምሩበት" ብዬ ነበር። አትጨምሩ! ልጁ 12 ወር እስኪሞላው ማር በምንም መልክ አይሰጠውም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የሕፃን አንጀት ገና ስላልጠነከረ ዘሩ እዚያ ያድግና መርዝ ያመነጫል። ቤት ውስጥ ማፍላትም አያጠፋውም። ማሩ ንጹሕ የሐረርጌ ማር ቢሆንም ያው ነው። ቀደም ብላችሁ ሰጥታችሁት ከነበረና ሆዱ ከደረቀ፣ መጥባት ካቃተው፣ ለቅሶው ከደከመ ወይም ሰውነቱ ከዛለ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ለማጣፈጥ በደንብ የበሰለ ፓፓያ ወይም ሙዝ ይበቃል፤ እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ ፓፓያ አይጠፋም።

ሁለተኛው፣ ጠዋት የተሠራው "እስከ ማታ ውጭ ይቆያል" ማለቴ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ አይሆንም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ የበሰለ ምግብ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። ፍሪጅ ካላችሁ ቶሎ አብርዳችሁ ክደኑና አስገቡት፤ በማግስቱ ጨርሱት። ልጁ የበላበት ማንኪያ የነካው ትራፊ ግን ይደፋ። ፍሪጅ ከሌለ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ።

ስለ ድንችና ካሮት የጻፍኩት እንዳለ ነው።