የጳውሎስ ሆስፒታሉ ጊዜም ይጻፍልን

ስለ ቀድሞዋ የጤና ሚኒስትር ስለ ዶ/ር ሊያ ታደሰ የጻፋችሁትን አነበብኩት። ደስ ይላል፣ እናመሰግናለን። ግን ጽሑፉ ከሞላ ጎደል ስለ ሚኒስትርነታቸው ነው። የጳውሎስ ሆስፒታል ጊዜያቸው በአንድ መስመር ታልፏል። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ጳውሎስ የሕክምና ትምህርት መስጠት የጀመረው በ2000፣ በሚሊኒየሙ ነው። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቷ ዶ/ር ሊያ እዚያ በአመራር ላይ ነበሩ። የማስተማሪያ ሆስፒታል መምራት ከባድ ነው። ምጥ የያዛት እናት ነገ ነይ አትባልም። ሬዚደንቱም፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ በወጉ ሳይማር መመረቅ የለበትም። በጀቱ ደግሞ ያው ነው። ይህን ያየ ሰው ሚኒስቴር ሲገባ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ያውቃል።

በኋላም ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩት ሥራ እዚህ ላይ ያረፈ ነው። ሐኪሞችና አዋላጆች ገና ተማሪ ሳሉ የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎትን በተግባር እንዲማሩ ማድረግ። ዜና አይሆንም፣ ግን የእናቶችን ሕይወት የሚያተርፈው ይኼ ነው።

የኮሮናውን ጊዜማ ማን ይረሳል! በተሾሙ ሰሞን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012፣ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ። ከዚያ በየቀኑ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንቱ ተያዘ፣ ስንቱ አረፈ የሚለውን ከእሳቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ነበር የምንጠብቀው። መጥፎውንም ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። እኔ ለዚህ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

በ2016 ከሥልጣን ሲወርዱ የተተኩትም በማህፀንና ጽንስ ሐኪሟ በዶ/ር መቅደስ ዳባ ነው። ዶ/ር ሊያ ደግሞ የሚኒስትሮች አመራር ፕሮግራምን ለመምራት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ ዶ/ር ሊያ በጳውሎስ ያስተማሯቸውን ሐኪሞች አነጋግሩልን።