የቤይ ኤሪያን ራፕ ከሬዲዮ ያስወጣው ሰሚ አይደለም

ስለ አሜሪካ ሂፕሃፕ ሲወራ ስለ ቤይ ኤሪያ፣ ማለትም ሳንፍራንሲስኮና በዙሪያዋ ስላሉት ከተሞች፣ «የኦክላንድና የቫሌሆ ራፕ አሪፍ ነበር፣ ግን ሰው ስላልወደደው ከሰፈሩ አልወጣም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ሰው እንዲወደው መጀመሪያ ሊሰማው ይገባል፣ የሚሰማውን ማን ይመርጥለታል የሚለውን ደግሞ በፈረንጆቹ 1996 የወጣ ህግ ገለባብጦታል።

ከዛ በፊት አንድ ባለቤት በመላው አሜሪካ ከ40 በላይ የሬዲዮ ጣቢያ መያዝ አይችልም ነበር። ክሊንተን የፈረመው የቴሌኮሙኒኬሽን ህግ ያንን ገደብ አነሳው፣ በትልልቅ ከተሞች ደግሞ አንድ ኩባንያ እስከ 8 ጣቢያ እንዲይዝ ፈቀደ። የቴክሳሱ የሬዲዮ ኩባንያ ክሊር ቻነል በጥቂት አመት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። ሳንፍራንሲስኮ ላይ ኬኤምኢኤል 106.1 እና ዋይልድ የሚባሉት ጣቢያዎች የለየላቸው ተፎካካሪዎች ነበሩ፣ አንዱ እምቢ ያለህን ዘፈን ሌላው ሊከፍትልህ ይችላል፣ ከህጉ በኋላ ግን ሁለቱም በአንድ ባለቤት ስር ሆኑ፣ በ2000 ደግሞ ክሊር ቻነል እጅ ገቡ፣ አለቀ።

በፊት እኮ መንገዱ አጭር ነበር። ራፐሩ ቱ ሾርት ኦክላንድ ውስጥ ካሴቱን ራሱ እያዞረ ይሸጥ ነበር፣ ሌላው ራፐር ኢ-40 ቫሌሆ ላይ የራሱን የሙዚቃ አሳታሚ ሌብል ከፍቶ ይሰራ ነበር፣ ሰፈር የወደደው ካሴት የማታው ዲጄ ጆሮ ይደርሳል፣ ዲጄው ካመነበት ያጫውተዋል፣ ሰው እየደወለ ይድገሙልን ይላል። በኋላ ግን ፕሌይሊስቱን የሚወስነው ጥናት ሆነ። ስልክ ይደወልልህና የዘፈኑን አዝማች ለጥቂት ሰከንድ አሰምተውህ «ታውቀዋለህ? ወደድከው?» ይሉሃል። እስቲ አስቡት፣ ገና ሬዲዮ ላይ ያልተከፈተን የሰፈር ልጅ ዘፈን ማን ያውቀዋል? ካልታወቀ ነጥብ አያገኝም፣ ነጥብ ከሌለው አይከፈትም፣ ስላልተከፈተ ደግሞ መቼም አይታወቅም። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከላይ ሲያዩት ፍትሃዊ ውድድር ይመስላል።

ከተማውን የሚያውቁ ሰዎችም ወጡ። የሬዲዮ አዘጋጁ ዴቪ ዲ በ2001 ከኬኤምኢኤል ተባረረ፣ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ የጦርነቱን ፈቃድ ብቻዋን የተቃወመችውን የያኔዋን የምክር ቤት አባል ባርባራ ሊን ኢንተርቪው ካደረገ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ኩባንያው ወጪ ቅነሳ ነው አለ።

ብዙ ጣቢያ እየከሰረ ስለነበር ህጉ አዳናቸው የሚል ክርክር አለ፣ ኪሳራው እውነት ነው። ግን የዳነው ጣቢያ የማንን ሙዚቃ ነው የሚያጫውተው? ሃይፊን፣ የቤይ ኤሪያን ፈጣንና ጭፈራ የበዛበት የራፕ ስታይል፣ ተመልከቱ፣ ራፐሩ ማክ ድሬ በ2004 ሲገደል ቤይ ኤሪያ ላይ ንጉስ ነበር፣ ከዛ ውጪ ግን ብዙ ሰው ስሙን እንኳን አያውቀውም ነበር። ኢ-40 በ2006 ሃይፊን በመላው አገር ሬዲዮ ያሰማው የአትላንታው ሊል ጆን ፕሮዲዩስ ባደረገለት ዘፈን ነው፣ ከሰፈር በቀጥታ የሚያስወጣው በር ተዘግቶ ነበርና።

የአሜሪካ ሬዲዮ ፈቃድ በየ8 አመቱ ይታደሳል፣ ሞገዱም የህዝብ ነው። እኔ ብጠየቅ ፈቃድ ሲታደስ ጣቢያው የከተማውን ልጆች ምን ያህል አጫወተ ተብሎ ይጠየቅ እላለሁ፣ ቢያንስ ማታ ማታ ዲጄው ያለ ጥናት ራሱ የመረጠውን የሚከፍትበት ሰአት ይመለስ።