ላሲክስ ራሱስ በየትኛው ፈተና አለፈ?

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም የወጣ የውስጥ መመሪያ፣ በአጣዳፊ የልብ ድካም ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ለሚተኙ ሕሙማን፣ ላሲክስ በተባለው የሚያሸና መድኃኒት ላይ ሁለተኛ የሚያሸና መድኃኒት እንዳይታዘዝ ከልክሏል። ምክንያቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ተጨማሪው መድኃኒት ሞትን እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም።»

ሞትን መቀነስ ብቸኛው መመዘኛ ከሆነ፣ ላሲክስ ራሱ በየትኛው ፈተና አለፈ? ለአጣዳፊ የልብ ድካም ሞትን እንደሚቀንስ ያረጋገጠ ትልቅ ጥናት ኖሮት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና 308 ሕሙማንን ያካተተው «ዶዝ» የተባለው ጥናት እንኳ ያወዳደረው መጠኑንና አሰጣጡን እንጂ መስጠትን ካለመስጠት ጋር አልነበረም። ያም ሆኖ ላሲክስን የሚከለክል ጤነኛ ሰው የለም፤ የምንሰጠው ትንፋሽ አጥሮት ሌሊቱን አልጋው ላይ ተቀምጦ የሚያነጋው ሰው ጋደም እንዲል ነውና። ታዲያ ለመጀመሪያው መድኃኒት የበቃው ምክንያት ለሁለተኛው ያነሰው በምን ሒሳብ ነው? መመሪያውን ያረቀቁት ይህን ጥያቄ ለራሳቸው አቅርበውት ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ከጠረጴዛቸው ባልተነሣ ነበር።

ሁለተኛ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ምክንያትም ስውር አይደለም። ላሲክስ የሚሠራው በአንዱ የኩላሊት ቱቦ ክፍል ላይ ነው፤ ሰንበት ሲል ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ያመለጠውን ጨው መልሶ መምጠጥ ይለምዳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው ሌላ የሚያሸና ክኒን የሚይዘው ይህንኑ ክፍል ነው። በስፔን 230 ሕሙማን በተሳተፉበት «ክሎሮቲክ» በተባለው ጥናት፣ ክኒኑ የተጨመረላቸው በ72 ሰዓት በአማካይ 2.3 ኪሎ ሲቀንሱ ሌሎቹ የቀነሱት 1.5 ነው። ከላሲክስ በፊት ባለው የቱቦ ክፍል ላይ የሚሠራው አሴታዞላማይድ ደግሞ፣ ቤልጂየም ውስጥ በ519 ሕሙማን በተካሄደው «አድቮር»፣ በሦስት ቀን ውኃው የለቀቀላቸውን ሰዎች ድርሻ ከ30.5 ወደ 42.2 በመቶ አሳድጓል። ሁለቱም ሞትን አልቀነሱም፤ ይሁን። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ መጥቶ መሬት ላይ አንጥፎ ለሚያድር አስታማሚ ግን በአድቮር እንደታየው አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ከሆስፒታል መውጣት ትንሽ ነገር አይደለም።

«ኩላሊት ይጎዳል» የሚሉም አሉ። በስፔኑ ጥናት ክሬያቲኒን (የኩላሊትን አሠራር ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካው ነገር) ከፍ ያለባቸው በርክተዋል፤ ፖታሲየምም ይወርዳል። ይህ ግን ደም እየመረመሩ የሚከታተሉት ነገር እንጂ የክልከላ ምክንያት አይደለም፤ እግሩ እስከ ጭኑ ባበጠ ሰው ላይ የምትታይ መጠነኛ የክሬያቲኒን ጭማሪም ሁሌ የኩላሊት ጉዳት ማለት አይደለችም።

የሚያናድደው መመሪያው ስለ ልኬት አንድ ቃል አለመናገሩ ነው። በየዋርዱ ሽንት የሚለካው አስታማሚ በሚይዘው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ «ግማሽ ሆነ» ይባላል፣ ካርዱ ላይም «ደህና ነው» ተብሎ ይጻፋል። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የ2021 መመሪያ ግን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ሽንቱ በሰዓት ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ካልሞላ የላሲክሱ መጠን እጥፍ እንዲደረግ፣ ያም ካልበቃ ሌላ የሚያሸና መድኃኒት እንዲጨመር ይመክራል። ክኒኑን ለመከልከል ፊርማ ያላጠራቸው አለቆች፣ ለየክፍሉ አንድ የሰው ሚዛንና መስመር ያለው የሽንት መለኪያ እንዲገዛ የሚያዝ ወረቀት ላይም ነገውኑ ይፈርሙ፤ ክልከላውንም በዚያው ወረቀት ይሻሩት።