ጃኬቱን አትንኩ፣ ታሪኩን ስሙ

ሰሞኑን ደሴ ላይ ለጨረታ የቀረበውን የአብራሪ ቆዳ ጃኬት ያላየ ምንም አልቀረበትም፤ ያልሰማ ግን ተጎድቷል። እኛ ዘንድ ጨረታ ድሮም የጆሮ ሥራ ነው። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይሰየማል፣ ሻጩ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ታሪኩ በትዝታ ይጀመርና በባቲ አድርጎ አምባሰልን ይወጣል፤ አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ተጫራቹ ቦርሳውን ከፍቷል። ገበሩን ልይ ብሎ እጁን የሰደደ ቢኖር «ምነው፣ አላመንከንም?» ይባላል፤ እሱም አፍሮ እጁን ይሰበስባል። ይህ ትልቅ ጨዋነት ነውና ይመስገን።

ይኸው ጨዋ ሰኞ ባቲ ገበያ ሲወርድ ደግሞ እዩት። ፍየል ሊገዛ አፏን ፈልቅቆ ጥርሷን ያያል፣ ወገቧን ይጨብጣል። ቆዳ ነጋዴ ከሆነማ ሌጦውን ገልብጦ በሥጋው በኩል የቢላ ቁርጥ ይፈልጋል፣ በጠጉሩ በኩል እከክ ይዳስሳል፣ አንዲት ጭረት ካገኘ ዋጋውን በግማሽ ይጥላል። «ይህቺ ፍየል ዘምታለች» ቢሉት ስቆ ያልፋል። ያው ቆዳ ለፍቶ፣ ተሰፍቶ፣ ዚፕ ገብቶለት ሲመጣ ግን እጁን አጣጥፎ ተረት ይሰማል።

የሰሞኑ ጃኬት «ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከደበደቡት የጣሊያን አብራሪዎች የአንዱ ነው» ተባለለት። ይሁን። ኮሌታው ሥር የተሰፋው ጨርቅ «ኤ-2፣ የአሜሪካ ጦር ንብረት» ይላል፤ ኤ-2 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች የቆዳ ጃኬት ስም ነው። ጣሊያን ተውሶ ይሆናል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋቢ ይዋዋስ የለ? ዚፑ ላይ ዋይኬኬ የሚል የጃፓን ፋብሪካ ስም አለ፤ «የአብራሪው ጓድ ምሕጻረ ቃል ነው» ተብሎ ተተረጎመ፣ አዳራሹም ራሱን ነቀነቀ። የጎኑ ስፌት ውስጥ ደግሞ ነጭ ብጣሽ ጨርቅ አለች፤ ባልዲና ካውያ ተስሎባት ሁለቱም ላይ የኤክስ ምልክት ተደርጎባቸዋል። በውሃ አይታጠብ፣ አይተኮስ። ያ አብራሪ እንግዲህ በአንድ እጁ ቦምብ እየለቀቀ፣ በሌላው የጦሳ ደመና ጃኬቱን እንዳያረጥብበት ይከላከል ነበር ማለት ነው። ልኩም ኤክስ ኤል ነው። የዘመኑ ኤ-2 ልክ 38፣ 40፣ 42 እየተባለ በቁጥር ይጻፋል እንጂ በፊደል አይጻፍም፤ ይህ አብራሪ ግን ቁጥር አይበቃውም ነበር። በጎንና በጎን እጅ ማሞቂያ ኪስ ተበጅቶለታል፤ በጥንቱ ላይ የለም፤ የደሴን ብርድ አስቀድሞ የሰማ ሰፊ ይሆናል። ገበሩ ውስጥ ሌላ ኪስ አለ፤ የያኔው ኤ-2 የውስጥ ኪስ አልነበረውም፤ ይህኛው ሞባይል ልክክ አድርጎ ይይዛል። ጀርባው ላይ አንበሳ ተስሏል። የጣሊያን አብራሪ ጀርባ ላይ የይሁዳ አንበሳ? «አርበኞች ማርከው ያሳሉበት ነው።» እዚህ ላይ አንድ ተጫራች እንባ አቀረረ፣ ሌላው ዋጋ ጨመረ።

እዚህ ጋ ቀልዱ ይቁም። በዚያ ቀን ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተደብድቧል፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ነድዷል። የዚያን ቀን ሙታን የፋብሪካ ጃኬት ማሻሻጫ የሚያደርግ ሰው ብልጥ አይደለም፣ ሌባ ነው። ቆሞ ያጨበጨበለትም ከሌብነቱ ድርሻ አለው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ጨዋነቱ የሰለቸውና ባለጌ ለመሆን የቆረጠ ካለ፣ ብልግናው በመገልበጥ ይጀመራል። ኤ-2 በአሜሪካ ጦር የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ትእዛዝ በ1943 ቆሟል። ጀርባው ከአንድ ወጥ ቆዳ ይቆረጣል፤ መሃሉን የሚያቋርጥ ስፌት ካለ የተራረፈ ቆዳ ተቀጣጥሏል ማለት ነው። ዚፑ ብረት ነው። አብዛኛው ከፈረስ ቆዳ፣ ጥቂቱ ከፍየል ተሰፍቷል። የፈረሱ ጥብቅና ልሙጥ ሆኖ ሲታጠፍ ሰፋፊ ማዕበል ይሠራል፤ የፍየሉ ሻከር ይላል፣ የጠጉር ቀዳዳው ይታያል፤ ይህን ለወሎ ሰው ማስተማር ድፍረት ነው። ፍየል ስለሆነ ብቻ ውሸት ነው አይባልም። አየር ኃይላቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ኤ-2ን መልሶ ሲያስመጣ በፍየል ቆዳ ነው ያሰፋው፤ ስለዚህ ዕቃው እውነተኛ የጦር ዕቃ ሆኖ ዕድሜው ብቻ ውሸት ሊሆን ይችላል።

ከገበሩ ስፌት የተንጠለጠለች ትርፍ ክር ካለች ቆርጦ በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ልም አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይሠራል፤ ፖሊስተር ደግሞ ገበያ የገባው ከጦርነቱ በኋላ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከተገኘ ጥገና ይሆናል፤ ሦስት አራት ቦታ ተሞክሮ ሁሉም ከቀለጠ ግን ጃኬቱ ወጣት ነው። የእጅጌውና የወገቡ ሹራብ ሱፍ ስለሆነ ብል ይበላዋል። መቀየሩ ነውር የለውም፣ ተቀይሯል ብሎ አለመናገሩ እንጂ።

እርጅናን በብርጭቆ ወረቀት የሚያመርቱ ባለሙያዎችም አድናቆት ይገባቸዋል። ጃኬት ሲያረጅ ክርኑ፣ የኮሌታው እጥፋት፣ የኪሱ አፍ ይገረጣል፤ የኪሱ ክዳን ሥርና ብብቱ ግን የድሮ ቀለሙን እንደያዘ ይቆያል። እነሱ ክዳኑን ገልጠው ሥሩንም ይፍቁታል፤ ለሥራቸው ታማኞች ናቸው። ሥዕሉን ለመመርመር አጉሊ መነጽር ይበቃል። ቀለሙ ከቆዳው ጋር አብሮ ከተሰነጠቀ አብረው አርጅተዋል። ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ከደረቀ ግን ቆዳው ቀድሞ አርጅቶ ሠዓሊው ኋላ ደርሷል። የሰሞኑ አንበሳ ጋማው ስንጥቅ ውስጥ ነው ያደረው።

ከሁሉም የሚከብደው እውነተኛ የኮሌታ ጽሑፍ ከበሰበሰ ጃኬት ተፈትቶ አዲስ ላይ ሲሰፋ ነው። ያኔ ጽሑፉን ብቻ ማንበብ ያስበላል። ኤ-2ን የሰፉት ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው፤ የኮሌታው ቅርጽ፣ የኪስ ክዳኑ አቆራረጥና የትከሻ ማንገቻው ስፌት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ጽሑፉ የአንዱን ስም ይዞ ኮሌታው የሌላው ከሆነ ራስና አካል አልተዋወቁም። በጽሑፉ ዙሪያ ትርፍ የመርፌ ቀዳዳ መኖሩንም ማየት ነው።

ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት ወይን ጠጅ መብራት የዘመኑን ክርና ገበር ብዙ ጊዜ ነጭ ሰማያዊ አድርጋ ታበራለች፤ በጦርነቱ ዘመን ጥጥ ላይ ግን ደብዛዛ ናት። በእርግጥ በዘመኑ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ገበርም ሊያበራ ስለሚችል ለብቻዋ አትፈርድም፤ ከክሩ እሳት ጋር ግን ጥሩ ምስክር ናት። መብራቷን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከጃኬቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስትበራ ነው ያመሸችው። መዶሻው «ሦስተኛ» ብሎ እንደወረደ ሻጩ የአሸናፊውን ብር እያንዳንዷን ኖት ከሥሯ አሳለፈ። ሁለቷን ተጠራጥሮ አስቀየረ።